ቀለበቷን ያልጣለች እርሾ

የጡረታ ደብዳቤዬን በተቀበልሁ ማግስት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሞላ አንድ ረጅም ቅጽ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ጦርነቱ ወልድያ በገባ ጊዜ ከቤተ ሙከራችን የተዘረፈውና የተሰባበረው ሁሉ ተራ በተራ ተጽፏል፤ ማይክሮስኮፑ፣ ፍሪዘሩ፣ ሚዛኑ፣ የእኔ እግረ ሰባራ ወንበር ሳይቀር። ወንበሯን ከጦርነቱ በፊት የሰበርኋት እኔ ራሴ ነኝ፤ ግን ዝም አልሁ። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥሁ። «የእርሾ ዝርያዎች፤ ሙሉ በሙሉ የወደሙ» ይላል።

«ይኼን አልፈርምም» አልሁት።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ኃላፊው እኮ ፈርመዋል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ኃላፊው እርሾዋን አይተዋታል?»

«እኔ ምን አውቄ። ካልፈረሙ መሸኛ አይወጣም፤ መሸኛ ካልወጣ ጡረታዎ አይንቀሳቀስም።»

«ሦስት ቀን ስጠኝ።»

«በሦስት ቀን ምን ሊለወጥ?»

«እሱን ለማስረዳት ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ልመልስህ ነው።»

ሰዓቱን አየ። «ምሳ ሰዓት ደርሷል ጋሼ» አለኝ።

ሞላ ምሳውን ይብላ፤ እሱ ያልሰማውን እኔ እዚህ እጽፈዋለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ከዚያ ቅጽ ላይ ፊርማዬ ካረፈ፣ የክፍላችን መምህርት የዘሃራ የዶክትሬት ጥናት ሞተ ማለት ነው። ዘሃራ ዓመታት የደከመችው በአንዲት የእርሾ ዝርያ ላይ ነው። ዝርያዋ ወድማለች ከተባለ አዲስ ርዕስ ፈልጊ ይሏታል፤ እንዲያውም ብለዋታል። እኔ ደግሞ የዝርያዋ ጠባቂ ነበርሁ። ጠባቂ ስል ደረት የሚያስነፋ ሹመት እንዳይመስላችሁ፤ የደመወዝ መዝገቡ ላይ የነበረኝ ስም «ቴክኒሻን» ነው፤ ሥራው ብልቃጥ ማጠብና እርሾ መመገብ ነው። አመጋገቡን ደግሞ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስቼበታለሁ።

የተወለድሁት ሀብሩ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ የእርሾ በርሜል ማጠብ ነበር። እናቴ ወሬውን ስትሰማ፣ «አምስት ወቅት የሚሰግድ ልጅ ወልጄ፣ የጠላ እናት ሞግዚት ሆኖ ይረፈው?» ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ባለቤቴ ሐሊማም ከተጋባን ጀምሮ ከዚሁ ወግ አልወጣችም። እኔም መልሴ አንድ ነው፤ እርሾ በራሷ አትሰክርም፣ ሰው ነው የሚያባልጋት።

ከዳቦ ቤቱ አዲስ አበባ ወደ አንድ የምርምር ተቋም ተቀጠርሁ። የተቀጠርሁት ለጽዳት ነው። አለቃዬ ዶክተር አጸደ የሚባሉ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ብልቃጥ ሲያነሡ መጀመሪያ አያዩትም፤ ያሸቱታል። አንድ ቀን መጥረጊያዬን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ፣ «ይኼኛው ኮምጥጧል» አልኋቸው። አሸተቱ። መጥረጊያውን ከእጄ ወስደው ግድግዳ ላይ አስደገፉና ነጭ ካፖርት ሰጡኝ። ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርስ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ቄስ እንደመሰልሁ ኖርሁ።

ከሳቸው የወረስሁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁሉን በእርሳስ መጻፍ፤ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሸሻል፣ እርሳስ አይሸሽም። ሁለተኛ፣ «ምስክር» የሚሉት ጠርሙስ። እርሾ በዘሩ ቁጥር ያንኑ ምግብ የያዘ፣ ግን ምንም ያልተዘራበት ጠርሙስ ከጎኑ ያቆማሉ። ምስክሩ ከደፈረሰ ምግቡ ተበክሏል ወይ ሰው ነካክቶታል። ሦስተኛ፣ ሲቆጡ አይናገሩም፤ ቢላዋ አውጥተው እርሳስ ይቀርጻሉ። እርሳሱ ባጠረ ቁጥር የኛ ዕድሜም ያጥራል።

እርሾን ያስተማሩኝም ከወንበር ላይ ክር መዝዘው ነው። «ይኼ ረጅሙ ክር ክሮሞዞም ነው፤ እርሾዋ የምታውቀው ሁሉ እዚህ ተጽፏል» አሉኝ። ከዚያ የጣት ቀለበታቸውን አውልቀው ክሩ አጠገብ አኖሩ። «ይኼ ደግሞ ፕላዝሚድ ነው። እኛ የጨመርንላት ትንሽ ቀለበት። ክሩ ላይ የጎደለውን አንድ ችሎታ ይዟል፤ ሉሲን የሚባለውን ምግብ ራሷ እንድትሠራ ያደርጋታል። ሉሲን ከሌለበት ምግብ ላይ ካኖርሃት፣ ቀለበቱ ያላት ትኖራለች፣ የሌላት ታልቃለች። ስለዚህ ቀለበቷን አጥብቃ ትይዛለች።»

«ሉሲን ያለበት ምግብ ብንሰጣትስ?» አልሁ።

«ቀለበቱን ምን ታደርገዋለች? ስትከፋፈል ትጥለዋለች። ሸክም ነዋ።»

«ለዘላለም የማይወልቅበት መንገድ የለም?»

«አልፎ አልፎ ቀለበቱ ይከፈትና ክሩ ውስጥ ገብቶ ይሰፋል። ያን ጊዜ ጠገበችም ተራበችም አይወልቅም። ግን በትእዛዝ አይመጣም፤ ራሱ ሲፈልግ ነው።»

ገባኝ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ጭንቅላቴ እንጂ እኔ አልገባኝም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ዶክተር አጸደ ለእረፍት ሲሄዱ የዝርያዎቹን ስብስብ ለእኔ ትተው ሄዱ። ባለቀለበት እርሾ የሚበላው ደሃ ምግብ ነው፤ ስኳርና ጥቂት ጨው። ብልቃጦቹን ሳያቸው ፈዘዝ፣ ሳሳ ብለዋል። አዘንሁ። በኛ አገር እንግዳ ጠግቦ እንኳ «በሞቴ» ተብሎ ይጎርሳል፤ እኔ የማሳድራቸውን በረሃብ ልቅጣ? የሥጋ ጭማቂና ፔፕቶን የሚባል የፕሮቲን ዱቄት ያለበትን የሰባ ምግብ አውጥቼ ለሁሉም አደልሁ። በሁለት ቀን ነጭ፣ ወፍራም፣ ቅቤ የመሰሉ ሆኑ። በየቀኑ ወደ አዲስ የሰባ ምግብ እያዛወርሁ አሮጌዎቹን ደፍቼ አጠብሁ። ጎረቤት ክፍል ያሉትን ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ።

አለቃዬ ተመለሱ። ሉሲን በሌለበት ሳህን ላይ ዘሩ። በሦስተኛው ቀን ሳህኖቹ ባዶ ነበሩ፤ ሁሉም። ቀለበቱን የያዘ አንድ እንኳ አልቀረም። ለመመረቅ ወራት የቀሩት አንድ ተማሪ በዚህ የተነሣ ትምህርቱን ትቶ ሄደ፤ ተሰናብቶኝ እንኳ ነው የሄደው፣ ያ ነው የባሰው። ዶክተር አጸደ ቢላዋቸውን አወጡ። ሙሉ እርሳስ ቀርጸው ጨረሱ። ከዚያ፣ «እንድሪስ፣ አጠገብካቸው» አሉኝ። አላባረሩኝም። ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ በነጋታው ቁልፉን መልሰው ሰጡኝ።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ወደ አገሬ ተዛወርሁ። አለቃ ስንት ተፈራረቀብኝ፤ አንዱ ስሜን ሳያውቅ ሄደ፣ አንዱ የእርሾውን ፍሪዘር ለሠርጉ ሥጋ ማስቀመጫ ሊዋሰኝ ጠይቆ ስለከለከልሁት አኩርፎ ሄደ። ከዚያ ዘሃራ መጣች። የግራና ልጅ ናት። ጥናቷ ያ ዶክተር አጸደ በክርና በቀለበት ያሳዩኝ ነገር ነው፤ እርሾ ቀለበቷን በየስንት ትውልዱ ትጥላለች፣ ቀለበቱስ በየስንቱ ክሩ ውስጥ ይሰፋል የሚል። «ጋሼ፣ ለዚህ ሥራ ትዕግሥት ያለው ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ትዕግሥት የለኝም፤ የምፈራው ነገር ግን አለኝ» አልኋት። ያቺን የጠገበች እርሾ ነገርኋት። ሳቀች፤ ቁልፉንም ሰጠችኝ።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ሲቃረብ ዘሃራ አዲስ አበባ አራስ ነበረች። ስልኩ ሊቋረጥ ሲል ደወለች።

«ጋሼ፣ ከተማውን ልቀቁ፤ ምንም ይዘው እንዳይወጡ።»

«እርሾሽስ?»

ሕፃኑ ያለቅሳል። «ነፍስዎ ይበልጣል» አለች በመጨረሻ።

«አብሽሪ» አልኋት። ስልኩ ተቋረጠ። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ሲሰጠኝ እምቢ የማለት በሽታ አለብኝ።

መብራት ከጠፋ ፍሪዘር ቁምሳጥን ነው። ስለዚህ እርሾዋን በወተት ነክሬ በማጥለያ ወረቀት ቁራጭ ላይ አደረቅኋት፤ ዶክተር አጸደ ያስተማሩኝ ዘዴ ነው፣ እንደዚያ ሆና ዓመታት ትተኛለች። በብር ወረቀት ጠቅልዬ አንዱን ቆቤ ውስጥ፣ አንዱን ካልሲዬ ውስጥ፣ አንዱን ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትሁ። አንዲት ሕያው ብልቃጥ ደግሞ ሽርጤን ሳገለድም ወገቤ ላይ ቋጠርኋት። ሐሊማ ደሴ ልጃችን ዘንድ ስለነበረች የሚስቅብኝ አልነበረም። ከሚሸሸው ሰው ጋር በዝናብ ወደ መርሳ መንገድ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ታጣቂዎች አስቆሙን። አንዱ ቆቤን አነሣ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እርሾ።»

«እስላም አይደለህም እንዴ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ነኝ።»

«ታዲያ እስላም በእርሾ ምን ይሠራል?»

«ይኼንን ከሚስቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ተጨቃጭቀንበት አልጨረስንም። ጊዜ ካለህ ቁጭ በል።»

አልሳቀም። ሦስቱንም ጥቅል አግኝቶ ፈታታቸው፤ ወረቀቶቹን ጭቃ ውስጥ ጥሎ ረገጣቸው። ዝናቡ ወሰዳቸው። እጁ ወገቤ ላይ ሲደርስ ብልቃጧን ነካ። «ይኼስ?»

«የኪንታሮት መድኃኒት ነው። ቦታውን ላሳይህ?»

እጁን ሰበሰበ። «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ። በሕይወቴ ስለ ኪንታሮቴ አላህን ያመሰገንሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መርሳ አላስቆመችኝም፤ እሷም ተይዛለች። ግራና የዘሃራ አክስት እትዬ ፋጡማ ቤት ገባሁ። ያልወለዱም ያላገቡም፣ ግን የመጣውን ሁሉ የሚያበሉ ሴት ናቸው። አንዲት ብልቃጥ በራሷ ብዙ አትቆይም፤ በየሳምንቱ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ወደ አዲስ ምግብ ማዛወር አለብኝ፤ ምግቡ ደግሞ ሉሲን የሌለበት መሆን አለበት። ከወተት፣ ከእህል፣ ከሥጋ የመጣ ነገር ሁሉ ሉሲን አለበት። ቤተ ሙከራ የለኝም፤ ገበያ የለም፤ መብራት የለም። ጎተራ ጥግ ተቀምጬ ሳስብ ዓይኔ አንድ ጆንያ ላይ አረፈ። ዩሪያ ነው፤ ለማሳ የሚበተነው፣ ሉሲን የሌለበት ማዳበሪያ።

ከዚያ ሌላውም ሁሉ ተከተለ። ናይትሮጂኑ ከዩሪያ፤ ፎስፈረሱ ከሌላው ማዳበሪያ፣ ከዳፕ፤ ፖታሲየሙ ከአመድ ውሃ፤ ማግኒዚየሙና ድኙ ለሆድ ድርቀት ከሚጠጣው የእንግሊዝ ጨው፤ ቪታሚኑ አንድ ባለ መድኃኒት ቤት ደብቆ ካቆያት የቢ ኮምፕሌክስ ኪኒን። ስኳር በጣት ቆንጥሬ፣ ሎሚ አንድ ጠብታ። በለስላሳ ጠርሙስ አፍልቼ አፉን በጥጥ ወተፍሁት። ከጎኑ ምስክሩን አቆምሁ፤ ባዶውን፣ ምንም ያልተዘራበትን። በአምስተኛው ቀን የእርሾው ጠርሙስ እንደ ጉም ሳሳ ብሎ ደፈረሰ፤ ምስክሩ ጥርት እንዳለ ነው። ከባድ መሣሪያው በወልድያ በኩል ያጓራል፤ እኔ ጎተራ ውስጥ ብቻዬን እጄን አጨበጨብሁ። አገር ምድሩን የያዙት ሰዎች አንዲት ጠርሙስ አመለጠቻቸው።

በየሳምንቱ ወደ ሌላ ጠርሙስ እያዛወርኋት እንዲህ ከረምን፤ እኛም እርሾዋም በደሃ ምግብ። ከዚያ ወባ ጣለኝ። ሁለት ሳምንት ያህል ራሴን አላውቅም። ስነሣ በመጀመሪያ ያየሁት መስኮቱን ነው። የእርሾዋ ጠርሙሶች ከታቻቸው ነጭ፣ ወፍራም፣ ቅቤ መስሏል። ይኼን መልክ አውቀዋለሁ። ምስክሩም ደፍርሶ ከላይ ሽፋን አውጥቷል።

«እትዬ ፋጡማ፣ እነዚህን ጠርሙሶች ማን ነካቸው?»

«ማን ይነካቸዋል፣ እኔ ነኝ እንጂ። አንቱ ታመው ቢተኙ እነሱ ጦም ይደሩ?»

«ምን ሰጧቸው?»

«ከአንቱ የተረፈውን አጥሚት። ሲያልቅ ደፋ እያደረግሁ፣ እንደገና እየሞላሁ። ወተትም ጠብ አድርጌበት።»

«ለዚህኛውስ?» ምስክሩን አሳየኋቸው።

«እሱማ ይብስ አሳዘነኝ። ምንም የለውም ነበር። ለሱ አበዛሁለት።»

ቢላዋ ጠይቄ እርሳሴን አወጣሁ። መቅረጽ ጀመርሁ። እትዬ ፋጡማ፣ «ምን ሊጽፉ ነው?» አሉኝ።

«የምጽፈው የለም። እየተቆጣሁ ነው።»

«ወላሂ፣ በእርሳስ የሚቆጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።» ቁና ሙሉ እህል እንኳ ያልቀራቸው ቀናት ነበሩ፤ ከዚያ ላይ አጥሚት ለእኔ፣ ከእኔ ላይ ለጠርሙስ። «ቤቴ የገባውን ምን በላህ ሳልል አላድርም። ሰው ይሁን ጠርሙስ እኔ በምን ልለየው?»

እርሳሱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቢላዋው ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ካፖርት ለብሶ ጎረቤት የሚጠራውን ሞኝ አየሁት። «አጥግበዋቸዋል፣ እትዬ» አልሁ።

«ማሻአላህ» አሉ፤ ምስጋና መስሏቸው።

በዚያው ቀን ከየጠርሙሱ ጠብ ጠብ አድርጌ ወደ ዩሪያው ምግብ መለስኋቸው። ምስክሩን ደፍቼ አዲስ ቀቀልሁ፤ ለእትዬ ፋጡማም ይኼ ባዶ ሆኖ የሚኖር ጠርሙስ ነው፣ ሥራው መራብ ነው አልኋቸው። ለሦስት ሳምንት ምንም አልደፈረሰም። በአራተኛው አንዲቷ ጠርሙስ ጉም አወጣች። ማን እንደተረፈ ግን አላውቅም፤ ቀለበቷን የያዘችው ትሁን፣ ከአጥሚቱ ጋር የገባች የዱር እርሾ፣ ማን ያውቃል።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት ከዚያች ጠርሙስ ብልቃጧን ሞልቼ ወልድያ ተመለስሁ። ቤተ ሙከራው በር የለውም፤ ፍሪዘሩ ተገንጥሏል፤ የዝርያ ሳጥኖቹ መሬት ላይ ተደፍተው በስብሰዋል። ዘሃራ ሕፃኑን አዝላ መጣች።

«ጋሼ፣ አለች?»

ብልቃጧን ከወገቤ ፈትቼ ሰጠኋት። መሸፋፈን እችል ነበር፤ ማን ያየኛል። «አለች መሰለኝ። ግን ሁለት ሳምንት ጠግባለች» አልሁ። ሁሉንም ነገርኋት፤ አጥሚቱን፣ ወተቱን፣ ምስክሩን።

እኔ ቁጣዋን ስጠብቅ ደብተር አወጣች። «ትክክለኛ ቀኑን ያስታውሳሉ? በስንት በስንት ቀን ነበር የሚሞሉት?» እትዬ ፋጡማን በስልክ አግኝታ ስለ አጥሚት አወፋፈር አንድ ሰዓት ጠየቀቻቸው።

ከአዲስ አበባ ጥቂት ሳህንና ምግቡን የሚያረጋ የአጋር ዱቄት ይዛ ነበር። የዘሃራን እርሾ የዱሩን እርሾ የሚገድል አንድ መድኃኒት አይገድላትም፤ በመጀመሪያ በዚያ አጠራናቸው፤ እንግዶቹ አለቁ፣ የኛዎቹ ቀሩ። የቀረው ዋናው ጥያቄ ነው፤ ቀለበቱ አለ? ነጻ ሆኖ ነው ያለው፣ ወይስ ተሰፍቶ? ይኼን ለማወቅ፣ አዩልኝ የዕድሌን ነገር፣ ሆን ብለን ማጥገብ አለብን። ከተረፉት የእርሾ ነጥቦች ከየአንዳንዷ እየወሰድን ለየብቻ ጥቂት ቀን የሰባ ምግብ ሰጠን፤ ከዚያ የሰባ ሳህን ላይ ዘራን። አሁን የሚያስፈልገው ከፋይ ጨርቅ ነው። ከገበያ ጥቁር ከፋይ ገዛሁ፤ ልብስ ሰፊው «ለሙሽራ ነው?» ሲለኝ «ለእርሾ» ብዬው እስካሁን በሰላምታ ብቻ ነው የሚያልፈኝ። ጨርቁን በፕሬሸር ድስት ቀቀልን፤ ጣሳ ላይ ወጠርነው፤ ሳህኑን ቀስ ብለን አሳረፍንበት። እያንዳንዷ የእርሾ ነጥብ ከፋዩ ጸጉር ላይ ማኅተሟን ትተዋለች። በዚያው ላይ ሉሲን የሌለበትን ሳህን አሳረፍን። ቀለበቱን የጣለችው በዚያ ላይ አትበቅልም፤ ቦታዋ ክፍት ይቀራል። ውጤቱ ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሞላ ቅጹን የዘረጋው በዚያ ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ጧት ዘሃራ ሳህኖቹን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አነሣች። የመጀመሪያው ክፍት ቦታው ብዙ ነው፤ ግማሹ ቀለበቱን ጥሏል፣ ግማሹ ይዟል። ትንፋሿ ሲወጣ ሰማሁ። እንዲህ የሚጣለው ነጻ ቀለበት ብቻ ነው፤ ዝርያዋ እንደነበረች አለች ማለት ነው። ሁለተኛው፣ እንደዚያው። ሦስተኛውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። አንድም ክፍት ቦታ የለበትም። አጠገብናት፣ አልጣለችም።

«ተሰፍቷል» አለች በቀስታ። «ጋሼ፣ ይኼ የእትዬ ፋጡማ ነው። እሳቸው ባያጠግቧቸው ነጻ ቀለበት የያዙት በዝተው ይቺ በመካከላቸው ተደብቃ ትቀር ነበር።»

ዶክተር አጸደ ቢኖሩ እርሳሱን ቀርጸው ይስጡኝ ነበር እላለሁ፤ ተቆጥተው ሳይሆን እንድጽፍበት።

የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን ሳህን ይዤ ንብረት ክፍል ገባሁ። ሞላ ፊት አስቀመጥኋቸው።

«ይኼ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት።»

አየ። ቅጹን አየ። «ወድሟል ተብሎ ተፈርሟል እኮ። መሰረዝ አይቻልም።»

«እኔ እችላለሁ።» እርሳሴን አወጣሁ።

«በእርሳስ አይሆንም፤ በእስክሪብቶ ነው።»

«እስክሪብቶ ዝናብ ያጥበዋል፤ አይቼዋለሁ።» «የወደሙ» የሚለውን ሰረዝሁ፤ ከላዩ ላይ «አሉ» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ጡረታው ካልተንቀሳቀሰ አይንቀሳቀስ፤ እኔም ከዚህ ወዲያ ብዙ አልንቀሳቀስም።

ሞላ ተናዶ ነበር፤ ግን ዓይኑ ከሳህኑ አልተነሣም። ጎንበስ ብሎ ሦስተኛዋን አንሥቶ በብርሃን ተመለከታት። ትንንሾቹን፣ ፈዘዝ ያሉትን ነጥቦች።

«ምነው እንዲህ ከሱ?» አለኝ አዝኖ። «አትመግቧቸውም እንዴ?»

ሳህኑን ከእጁ ቀምቼ ከደንሁት።